አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ድምፆች

ልጅቷ ከአልጋ አልወርድም ብላለች። አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል፤ የትምህርት ቤት ልብሷ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃታል፣ አባቷ ካልሲዋን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፣ እሷ ግን ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። እንዳልተኛች ሁላችንም እናውቃለን፤ የእውነት የተኛ ሰው እንደዚያ አጥብቆ አይጨፍንም። «ተነሺ እንጂ፣ መኪናው ጥሎሽ ሊሄድ ነው» አላት አባቷ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ዓይኗን ሳትገልጥ «እማዬ አልቀሰቀሰችኝም» አለችው። እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ታሻሻለች። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ስታሻሽ ነበር አሉኝ። ልጅቷ ግን መነካቱን ከመቀስቀስ አልቆጠረችውም። የለመደችው መጠራት ነው።

እህቴ ድምፅ የላትም። ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል፣ ጉሮሮዋ ላይ ያ ክፉ በሽታ ወጣባትና ሐኪሞቹ የድምፅ ሳጥኗን ከነበሽታው አወጡት። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ሥር ባለች ቀዳዳ ነው፤ በስስ ሻርፕ ትሸፍናታለች። እስቲ ይታያችሁ፣ ይሄ የደረሰው በሌላ ሰው አይደለም፣ በሬዲዮ ነው! ከልጅነቷ ጀምሮ በቤታችን ስሟ ሬዲዮ ነበር፣ አባታችን ነው ያወጣላት። «የዚች ልጅ ባትሪ አያልቅም እንዴ?» ይል ነበር ራት ላይ። ካደገችም በኋላ ልብስ ሰፊ ሆና፣ የስፌት መኪናው እየጮኸ እሷ ከመኪናው በላይ ትጮህ ነበር። ደንበኞቿ ቀሚስ ለማሳጠር መጥተው ሁለት ሰዓት ወሬ ሰምተው ይሄዳሉ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሬዲዮ የሚለውን ስም ከቤተሰቡ አንድም ሰው አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን አንድ ነገር አደረገች። መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች፣ ከእኔ ማይክራፎን ተዋሰች፣ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ገዛችና ወደፊት መናገር የሚያስፈልጋትን ሁሉ እየጻፈች፣ ቁጥር እየሰጠች፣ በድምፅዋ እየቀዳች ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጠች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ለባሏ፣ ለደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ በስልክ ለሚደውል ሰው። ከሁሉ የበዛው ለልጅቷ ነበር፣ ከሁለት መቶ አንድ እስከ ሁለት መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ አንድ የማለዳዋ ናት፦ «ተነሺ የኔ እመቤት፣ ፀሐይ ቀድማሽ ወጣች!» ከዚያ የጥርሱ፣ የጫማው፣ የቅዠቱ፣ የ«አይዞሽ»ው አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገና የማያስፈልጉ ነበሩ፤ አሥር ዓመት ለሞላት ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ለተሰበረ ቀን፣ ለሠርጓ ቀን። ከባሏ ጋር በጽሑፍ ይግባባሉ፤ ልጅቷ ግን ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፊደል ገና አንድ በአንድ ነው የምትለቅመው። እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በዚያ ኮምፒውተር ነው፣ ሌላ የላቸውም።

ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ማታ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ነበር። ጠዋት ሲከፍቱት ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ አወጣ፤ ያጠፉታል፣ ይከፍቱታል፣ ያው ነው። የእህቴ ባል ሹፌር ነው፣ ስለ መኪና ከሆነ ማንንም አይጠራም፤ ስለዚህኛው ግን ገና ሳይነጋ ደወለልኝ። «ወንድሜ ድረስልን፣ ልጅቷ ሳትነሳ» አለኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በረርኩ። እኔ ሥራዬ ይኸው ነው፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። በፀጉር ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መሃል አንድ በር ሱቅ አለችኝ። ግድግዳዬ ላይ በትልቁ የተጻፈ ነገር አለ፦ «መጀመሪያ ቅዳ፤ ከዚያ ንካ።» የታመመ ዲስክ የመጣለት ጠጋኝ ከሁሉ በፊት ውስጡ ያለውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፣ ከዚያ ነው መጠገን። ደንበኛ ሲቸኩልብኝ ያንን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደርገዋለሁ። አንዴ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አስነብቤያቸው «ልጄ፣ አንተ ልትነካው ነው ወይስ ልትፈርድበት?» ብለውኛል። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም፣ ለባዳ ከሆነ።

አሁን ዋናውን ልናገር። ከስምንት ወር በፊት እህቴ በሦስት ቀሚስ ስፌት ዋጋ አዲስ ዲስክ ገዝታ፣ ከነማሸጊያው ሰጠችኝ። ከእሱ ጋር ወረቀት ነበር፦ «ድምፆቼን ቅዳልኝ። አንድ ቦታ ብቻ መሆናቸው እንቅልፍ ነሳኝ።» «ቅዳሜ እመጣለሁ እትዬ» አልኳት። ቅዳሜ ደረሰ፣ ሥራ በዛ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። በሦስተኛው ምን እንደነበረ አላስታውስም። እሷም ወረቀት መላክ ተወች። በመሃሉ አንድ ደንበኛ ሙሉ የሠርጉን ቪዲዮ የያዘ ኮምፒውተር ተበላሽቶበት መጣ፤ እጄ ላይ ባዶ ዲስክ አልነበረም፣ የእህቴ ግን መሳቢያዬ ውስጥ እንደታሸገ ተቀምጧል። ማሸጊያውን ቀደድኩና የሰውየውን ሠርግ ገለበጥኩበት። ለጊዜው ነው ብዬ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ለማላውቀው ሰው ጠንቃቃ፣ ለእህቴ «ቅዳሜ»።

እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጌ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛው ላይ የክር ጥቅልል፣ ኖራ፣ መርፌ የተሰካባት ትራስ፣ የልጅቷ የተነከሰ እርሳስ ነበር። ይዤው በመጣሁት ፍላሽ አስነሳሁትና ያ ጥቁሩ መስኮት ተከፈተልኝ፤ እዚያ ውስጥ ሥዕል የለም፣ ቁልፍ የለም፣ የምትፈልገውን በፊደል ጽፈህ ታዝዛለህ። መነሻውን አድስ ብዬ ጻፍኩ፣ እሺ አለኝ። መዝገቡን አድስ አልኩት፣ እሺ አለኝ። ያለውን ዊንዶውስ ፈልግ አልኩት፣ ፈለገ ፈለገና «የተገኘ፦ ዜሮ» ብሎ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁት። ቀጭ፣ ዝም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ዲስኩ ነው። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አጥቼው አይደለም። እጅህን አንሳ፣ መጀመሪያ ቅዳ ማለት ነው። ነገር ግን የምቀዳበት ዲስክ ሱቄ ውስጥ በሰው ሠርግ ተሞልቶ ተቀምጧል። ሄጄ ሠርጉን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሬ ብመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል ብዬ ገመትኩ። ልጅቷ አልጋ ላይ ናት፣ ሹፌሩ አባቷ ሰዓቱን ያያል፣ የትምህርት ቤቱ መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለነገሩ ሰበቡ ይሄ ብቻም አይደለም። እህቴ ዲስኩ የታለ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። በሃያ ደቂቃ አስነስቼው «አላልኳችሁም?» ብዬ ልወጣ ነበር ያማረኝ።

እህቴ መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። እጇን የእጄ አንጓ ላይ አሳረፈችና ደብተሯን ፊቴ ዘረጋችው። «ቀድተኸዋል?» ይላል። የሱቄን ግድግዳ እሷም ታውቀዋለች፣ ጽሑፉን የጻፍኩበትን ካርቶን ራሷ ናት የቆረጠችልኝ። «አይዞሽ እትዬ፣ ይሄ ቀላል ነው» አልኳት። ፊቷን አላየሁትም። ዲስኩን መርምረህ የተበላሸውን አስተካክል የሚለውን ትዕዛዝ ጽፌ ቁልፉን ተጫንኩ።

መጀመሪያ በመቶኛ ሲቆጥር ቆየ። ከዚያ መስመር ማውጣት ጀመረ። የዚህ ትዕዛዝ ክፉ ጎኑ ይኸው ነው፤ ለእሱ ማስተካከል ማለት መዝገቡን ከስህተት ማጽዳት ነው፣ ሰውዬው ምን እንደሚወድ አያውቅም። ማንበብ ያቃተውን ፋይል ስሙን ከዝርዝር ይሰርዝና ይቀጥላል። 214 ተሰረዘ። 215 ተሰረዘ። 219 ተሰረዘ። ቁጥሮቹ የእህቴ ቁጥሮች ናቸው። እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደና መንገድ ላይ ቀረ፣ መሃሉ ላይ ቢቋረጥ የቀረውንም ይዞት ሊሄድ ይችላላ! እንደዚያ እያየሁ ነው የተቀመጥኩት። እህቴም ከኋላዬ ታያለች። ቀዳዳዋ ላይ ትንፋሿ ሲፋጠን ይሰማኛል፣ ሻርፑ ወጣ ገባ ይላል። 240። 241። 242። ሰባት ደቂቃ ፈጀ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰባት ደቂቃ አላየሁም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ተነሳ። አዎ፣ ተነሳ! የሚታወቀውን የመክፈቻ ዜማውን አሰማና የልጅቷ ፎቶ ያለበት ገጽ ወለል ብሎ ወጣ። ሹፌሩ «ተባረክ! ይኸው ሰው ማለት!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ልጅቷ ዜማውን ሰምታ አልጋዋ ላይ ተስተካክላ ተኛች፣ ለመጠራት። ዓይኗን እንደ አዲስ ጨፈነች፣ አፏ ግን ፈገግ ብሏል። እህቴ ማኅደሩን ከፈተች። ገጽ ሙሉ ይሞላ የነበረው ዝርዝር ከግማሽ ገጽ በታች ሆኗል፤ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ሁለት፣ እየዘለለ። ከሁለት መቶ አንድ እስከ ሁለት መቶ ሰማንያ ምንም የለም። አንድም። ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ደግማ ወደ ላይ ሄደች። «እማዬ፣ ጥሪኝ እንጂ» አለች ልጅቷ ከአልጋው። «እማዬ!» አለች እንደገና፣ አሁን ድምፅዋ ተቀየረ። ሹፌሩ ፊቴን አየና ገባው። ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አንስቶ፣ እየታገለችው፣ እያለቀሰች አለበሳት። ከእንባዋ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

እህቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ድሮ ቢሆን ሬዲዮ ጎረቤት እስኪወጣ ነበር የምትሰድበኝ፣ ስድቧ ራሱ ዜማ አለው፣ አጎንብሼ እሰማና መጨረሻው ላይ ሁለታችንም እንስቃለን። አሁን ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና አንድ ጨርቅ አስገብታ መርገጥ ጀመረች። «እትዬ» አልኳት። ትረግጣለች። «እትዬ፣ አፈር ልብላ» አልኳት። ጨርቁ ከወዲያኛው በኩል እየወጣ ነው፣ መርፌው ላይ ግን ክር አልነበረም። ዲስኩን ፈትቼ ደብተሯን ጠየቅኳት። ሳታየኝ ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

ሱቄ ደርሼ መጀመሪያ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። የሰውየውን ሠርግ ወደ ቁልፍ ቀራጩ ኮምፒውተር አዛወርኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ግማሽ ቀን ያልኩት ነገር አርባ ደቂቃ! ከዚያ ጠዋት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ የታመመውን ዲስክ በጥቁሩ መስኮት በኩል ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ በገዛ ዲስኳ ላይ ቀዳሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው። ቀድቼ ስጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በሌላ ትዕዛዝ ስማቸው የተሰረዘባቸውን ድምፆች ከቅጂው ላይ አስለቀምኩ፤ ስድስት መቶ ምናምን ስብርባሪ አወጣልኝ፣ ስም የለው፣ ቁጥር የለው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ደብተሩን ፊቴ ዘርግቼ፣ አንድ በአንድ ማዳመጥ ያዝኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። «ዝርዝር የለኝም፣ ተመልሰሽ ው—»። «እጅጌው ይጠር ወይስ እንዲሁ—»። «በሩን ገርበብ አድርገው።» ይሄኛው ሙሉ ነው፣ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ሳል። ከዚያ «ቆይ፣ ይሄ ይደገም» ትላለች፣ ለራሷ። በዓረፍተ ነገሮቹ መሃል ስታስል፣ ስትስቅ፣ ውሃ ስትጠጣ ይሰማል። አንድ ቦታ ላይ «የኔ እመቤት፣ ፀሐይ ቀ—» አለችና ጭርር ብሎ ቀረ። መልሼ ሰማሁት። ፊቱን ፈለግኩ፣ ኋላውን ፈለግኩ፣ የለም። ለሠርጓ ቀን ከቀዳችው የተረፈው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ልትናገር ስትል የሳበችው። የፀጉር ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ብቅ ብላ «ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችኝ። ማልቀሴን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «አይ፣ ጉንፋን ነው» አልኳት።

ደብተሩ መጨረሻ ላይ የማላውቀው ርዕስ ነበር። «ለወንድሜ» ይላል፣ ስድስት ቁጥር። አምስቱ የሉም። አራት መቶ ሰባት ግን ከነፊቱ ከነኋላው፣ ጭረት ሳይነካው ወጣ። በሙሉ ድምፅዋ ነው፣ በሬዲዮዋ፦ «አንተ ዝርክርክ! ቅዳሜ እመጣለሁ ብለህ የቀረህበት ይሄ ስንተኛው ቅዳሜ ነው? ቆይ ብቻ፣ መምጣትህ አይቀርም!» ከዚያ መጨረሻው ላይ ሳቋ ያመልጣታል። ገና ድምፅ ሳላት ነው ይሄን የቀዳችው፤ ገና ዲስኩን ሳትገዛ። ታውቀኝ ነበር ማለት ነው። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ይሄን ብሰርዘውስ ብዬ አሰብኩ። ማን ያውቃል? እንኳን አንድ፣ ሦስት መቶ ስድሳ ጠፍቶ የለ! የልጅቷ ሰማንያው አልቆ የእኔ ስድብ ደህና ሆኖ ሲመጣ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ በዚህ እጄ ዛሬ ስንቱን እንዳጠፋሁ ትዝ አለኝና ተውኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዲስኳን በኪሴ፣ ደብተሯን በብብቴ ይዤ ተመለስኩ። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ፊደል ትጽፋለች፤ ስገባ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ሹፌሩ «እህስ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሃምሳ ሁለት» አልኩት። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ሃምሳ ሁለት። ከልጅቷስ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፣ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩና ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገጠምኩት። እህቴ ቁጭ አለችና አንድ በአንድ ማጫወት ጀመረች፤ ጣቷን ደብተሩ ላይ አድርጋ፣ የተረፈውን ምልክት እያደረገች፣ የጠፋውን እያለፈች። የማለዳዋ ሁለት መቶ አንድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣ ከዚያ ገጹን ገለበጠችው፣ ቀጥሎ ያለውንም ገለበጠችው። ቤቱ ውስጥ ስለ እጅጌና ስለ ዝርዝር የሚያወራ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጅቷ ጽሑፏን አላቋረጠችም፤ ያን ሁሉ ድምፅ ታውቀዋለች፣ ለእሷ የተባለ የለበትም።

አራት መቶ ሰባት ላይ እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ደብተሩ ላይ የጻፈችውን ታውቀዋለች። ከዚያ ተጫነችው። «አንተ ዝርክርክ!» አለ ኮምፒውተሩ፣ ቤቱን ሞልቶ። የልጅቷ እርሳስ ቆመ። እስከ መጨረሻው ሰማች፣ እስከ ሳቁ ድረስ። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ፈነዳች፣ በሳቅ። «እማዬ አጎቴን ተቆጣችው! ድገሚው፣ ድገሚው እማዬ!» እህቴ ደገመችው። ልጅቷ ከወንበሯ ወርዳ የእናቷ ጭን ላይ ወጣች። ሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ሳቋ ጋብ አለ፣ ጆሮዋን ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፈች። «ነገ ጠዋት በዚህ ቀስቅሺኝ እሺ?» አለች።

«እሱ እኮ ለአንቺ አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ለእኔ ነው የተባለው» አልኳት።

«ግን እማዬ ናት» አለችኝ።

እህቴ የልጅቷን የተነከሰ እርሳስ አነሳች፣ አራት መቶ ሰባት የሚለውን ቁጥር ሰረዘችና ከጎኑ ሁለት መቶ አንድ ብላ ጻፈች። ጻፈችና ደብተሩን ዘጋችው። «ቅዳሜ እመጣለሁ» ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ነገ እመጣለሁ እትዬ፣ በጠዋቱ» አልኳት።

በነጋታው ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ አልቀረሁም። ከሥራ በፊት ጎራ እላለሁ፣ የቀሩትን ሃምሳ ሁለቱን ሦስት ቦታ ቀድቼላታለሁ፣ ሌላ የማደርግላት ነገር የለኝም፣ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን አወልቃለሁ። አንድ ሰዓት ላይ እህቴ ቁልፏን ትጫናለች። ድምፅዋ ይሄ ስንተኛው ቅዳሜ ነው ብሎ በሙሉ ጉልበቱ ይጠይቀኛል፤ ልጅቷም ዓይኗን ገልጣ ከአልጋዋ ትወርዳለች።